ይበል የማይባልበት ቤት

ከሙዚቃው ጋር ጠብ የለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልጄ ስታነበው «አባዬ፣ ደግሞ ጀመርህ» እንዳትለኝ ነው። ጠቤ ከወንበሩ ጋር ነው። ከብርዱና ከሻዩ ጋር ነው። ከሁሉ በላይ ግን ከዝምታው ጋር ነው።

እዚህ ለንደን፣ በሰፈራችን ባለች አንዲት የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በወር አንድ ዓርብ ማታ የቻምበር ሙዚቃ ኮንሰርት ይደረጋል። ሦስት ወይም አራት፣ ቢበዛ አምስት ሰዎች ቫዮሊንና ቼሎአቸውን ይዘው ይመጣሉ። ማይክሮፎን የለ፣ ዘፋኝ የለ፣ ዱላ የሚያወዛውዝ መሪ የለ። ልጄ የወቅቱን ትኬት ጠቅልላ ገዝታ፣ በፖስታ አሽጋ ሰጠችኝ። «ከቤት ትወጣለህ፣ ሰው ታያለህ» አለች። እውነቷን ነው፣ ሰው አየሁ፤ ከኋላ። የሰፈሩን ሕዝብ በማጅራቱ ለይቼ አውቀዋለሁ። ድምፁን የማውቀው ግን አንድም የለም።

በብርዱ ልጀምር። እኛ ሐበሾች በዚህ አገር ከእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን እየተከራየን ስናስቀድስ የኖርን ነንና የእነዚህን ቤቶች ብርድ ለእኛ የሚነግረን የለም። ነገር ግን እኛ ስናስቀድስ እንቆማለን። መቋሚያ ተደግፈን፣ ጋቢ ደርበን፣ በስግደቱ ስንወድቅ ስንነሣ ደማችን ይሞቃል። እዚህ ግን ሙሉውን ማታ እንጨት ላይ ተቀምጦ መቆየት ነው። ያንን አግዳሚ የሠራው አናጢ ምእመናን በስብከት ሰዓት እንዳያንቀላፉ አደራ ተብሎ የሠራው ይመስለኛል፤ አደራውንም አልበላም። ማሞቂያ የለም እንዳልል አለ። ኮንሰርቱ ሲጀመር ግን ያጠፉታል፤ ቧንቧው ኳ ኳ እያለ ሙዚቃውን ይረብሻል ተብሎ። እኔ ስንቀጠቀጥ ጥርሴ የሚያወጣውን ድምፅ ማንም አላሰበውም።

ነገሩን ለአዘጋጁ አቀረብሁ። በጣም ትሑት የሆነ ረጅም እንግሊዛዊ ነው። የዚያን ዕለት የሚጫወቱት ኦሊቪዬ ሜሲየን የሚባለው ፈረንሳዊ ስለ ዘመን ፍጻሜ የጻፈውን ኳርቴት ነበር፤ ቫዮሊን፣ ክላርኔት፣ ቼሎና ፒያኖ። ሰውየው ብሶቴን በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ፣ ይህ ሥራ መጀመሪያ የተሰማው በጃንዋሪ 1941 በጀርመኖች የጦር ምርኮኞች ካምፕ ውስጥ፣ ጎርሊትዝ በምትባል ከተማ እንደሆነ አስረዳኝ። ደራሲው ምርኮኛ፣ ተጫዋቾቹ ምርኮኞች፣ የሚሰማው ሕዝብ ምርኮኛ፣ ወቅቱ የክረምቱ እምብርት። ማሞቂያ ብጠይቅ ታሪክ ሰጡኝ። ምን ይመለሳል? ምርኮኞቹ ግን ትኬት አልገዙም።

ጫማውን ተዉት። አገራቸው ነው፣ ልማዳቸው ነው፤ ጫማ አድርገው ይግቡ። ያ ቼሎ የሚሉት ትልቁ መሣሪያ ግን ከሥሩ ሹል ብረት አለው። ተጫዋቿ ያንን ብረት ስባ አውጥታ፣ ከመንበሩ ፊት ያለውን ወለል ጠቅ ስታደርገው እኔ አማተብሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ሙዚቃው ሳይጀመር የተመሰጥሁ መስሏት ፈገግ አለችልኝ።

በእረፍቱ ሰዓት ሻይ አለ። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ሻዩ በወተት ነው፤ ብስኩቱ በቅቤ ነው። ጾም ነኝ ብዬ ለምታድለው ባልቴት ነገርኋት። ከልቧ አዘነችልኝና ጎንበስ ብላ ሌላ ካርቶን አወጣች፤ «ቅባት የሌለው ወተትም አለን» አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ባዶ እጄን ተመለስሁ። ባልቴቷ ምን ታድርግ። የሻዩም የትኬቱም ገንዘብ ለጣሪያው ማሳደሻ ነው የሚውለው፤ ደጁ ላይ ስንት እንደተሰበሰበ የሚያሳይ ሰሌዳ ተተክሏል። ቀለሙ ከአምና እስከ ዘንድሮ ከፍ ሲል አላየሁትም። ጣሪያው እስኪታደስ እኔ የምደርስ አይመስለኝም።

ስለ ጣሪያው ካነሣን፣ ችግሩ ማፍሰሱ ብቻ አይደለም፤ ርቀቱም ነው። ድምፁ እዚያ ደርሶ ድንጋይ ለድንጋይ ተንከራትቶ እስኪመለስ ተጫዋቾቹ ሌላ ነገር ጀምረዋል። ፈጠን ያለ ሙዚቃ ሲሆን የአሁኑና የቅድሙ አየር ላይ ይጋጫሉ። ይህ ሙዚቃ ለቤት ነው የተሠራው፤ ምንጣፍ ላለበት፣ መጋረጃ ለተጋረደበት፣ ሰው ከሰው ፊት ለፊት ለሚተያይበት ቤት። ዮሴፍ ሃይድን በ1761 ከኤስተርሃዚ መሳፍንት ቤት ሲቀጠር እንደ ማንኛውም አሽከር የቤቱን መለያ ልብስ ለብሶ ነው። ጌታው ልዑል ኒኮላውስ ባሪቶን የሚባል ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ይወድ ነበርና፣ ሃይድን ለዚያ መሣሪያ ብቻ ከ120 በላይ ትሪዮዎች ጻፈለት፤ ልዑሉ ራሱ ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጦ እንዲጫወት። የዚህ ሙዚቃ የመጀመሪያ ባለቤት የሚጫወተው ሰው ነበር ማለት ነው። ተቀምጦ የሚሰማ፣ ትኬት የቆረጠ፣ ጉልበቱን ብርድ የሚቆረጥመው ሰው ኋላ የመጣ ነው።

ጎተ የሚባለው ታላቁ የጀርመን ባለቅኔ በ1829 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ኳርቴት መስማት አራት አስተዋይ ሰዎች ሲወያዩ እንደመስማት ነው የሚል አሳብ አስፍሯል። ልክ ነው። የእኔም መከራ የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። አንደኛው ቫዮሊን ነገር ያነሣል። ሁለተኛው ቫዮሊን «እውነቱን ነው» ይላል። ቪዮላው መሐል ገብቶ ሊያስታርቅ ይሞክራል። ቼሎው ከሥር ሆኖ «እስቲ እናያለን» እያለ ያጉረመርማል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ በሽምግልና የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፤ የድንበር ክርክር ጨርሻለሁ፤ በዕቁብና በዕድር ተሟግቻለሁ። አራት ሰዎች በፊቴ ነገር አንሥተው ሲከራከሩ አፌን ይዤ ተቀምጬ አላውቅም። እዚያች ቤተ ክርስቲያን ግን ቡና ተፈልቶ ስኒ ያልተሰጠው እንግዳ ሆኜ እመሻለሁ።

ባገራችን ሰሚ እንዲህ አልነበረም። በማኅሌቱ ግራው ሲል ቀኙ ይመልሳል፤ ጽናጽሉ ለከበሮው፣ ከበሮው ለጭብጨባው፣ ጭብጨባው ለእልልታው። አዝማሪ ቤት ብትገባ «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ታቀብለዋለህ፤ እሱም ተቀብሎ ያዜምልሃል፤ አንተም ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፍለታለህ። ከዚያ ዘፈኑ የማን እንደሆነ እሱም አያውቅ፣ አንተም አታውቅ። ቅኔ ሲዘረፍም ወርቁ የገባው ሊቅ «ይበል!» ይላል። ይበል ያልተባለ ባለቅኔ ያንን ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም።

ጎጃም ውስጥ ቅኔ የተማረ አንድ ባልንጀራ አለኝ። ብርዱን የሚጋራኝ ሰው ስፈልግ አንድ ዓርብ ይዤው ሄድሁ። የሹበርትን ኩዊንቴት ነበር የሚጫወቱት፤ ሁለት ቼሎ ያለበትን፣ በ1828 ከመሞቱ ሁለት ወር ገደማ በፊት የጻፈውን። ሹበርት ሲሞት 31 ዓመቱ ነበር፤ ሥራው በአደባባይ የተሰማው ግን እሱ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የዘገየው ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር ሦስቱ መሐል ያሉት ድምፆች ከቦታቸው የማይነቃነቁ መስለው ይተነፍሳሉ፤ አንደኛው ቫዮሊን ከላይ ጥቂት ጥቂት ጣል ያደርጋል፤ ሁለተኛው ቼሎ ከታች በጣቱ ክሩን እየነካ ይመልስለታል። ባልንጀራዬ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፣ ሰማ፣ መታገሥ አቃተውና ከሆዱ «ይበል!» አለ።

ከፊታችን ያሉት ማጅራቶች በሙሉ ፊት ሆኑ። በዚያ ወቅት ሙሉ የሰዎቹን ፊት ያየሁት ያኔ ነው፤ የማየት ደስታ ግን አልነበረውም። አንዲት ሴትዮ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ባልንጀራዬ ግራ ገብቶት «ምነው፣ አልጣማቸውም እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ። ለእሱም ሁለተኛ ዞሩ። እኔ የምለው፣ ያ ምስኪን ወጣት ያን የመሰለ ነገር ጽፎ ሲጫወቱለት ሳይሰማ ነው የሞተው። በሕይወቱ ያልተባለለትን ይበል ዛሬ አንድ የጎጃም ሰው ቢልለት ማን ተጎዳ?

ወደ ጭብጨባው እንምጣ። ልጄ መጀመሪያ ቀን በር ላይ አቁማ ሕጉን አስጠናችኝ። አንድ ሥራ ሦስት ወይም አራት ክፍል አለው። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሙዚቃው ይቆማል፤ አይጨበጨብም። ሁለተኛው አልቆ ይቆማል፤ አይጨበጨብም። ሁሉ አልቆ፣ ተጫዋቾቹ ቀስታቸውን አውርደው ቀና ብለው ሲያዩን ይጨበጨባል። «እንዴት አውቃለሁ?» ብላት «ሰው ሲያጨበጭብ አጨብጭብ» አለችኝ። ለካ ሁሉም ቤት ልጁ እንዲሁ ብላዋለች። አንዱ አንዱን ሲጠብቅ አንዳንዴ ተጫዋቾቹ ተነሥተው እጅ እስኪነሡ ድረስ እንፋጠጣለን።

ይህ ሕግ ከደብረ ሲና በጽላት ተጽፎ የወረደ መስሎኝ ነበር። አንብቤ ደረስሁበት። ሞዛርት በ1778 ፓሪስ ውስጥ አዲስ ሲምፎኒ አሰምቶ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሕዝቡ ገና በመጀመሪያው ክፍል መሐል፣ ሙዚቃው እየሄደ ሳለ እንዳጨበጨበ ይነግረዋል። ተናደደ? ምን ሲደረግ! ያ ቦታ እንደሚጨበጨብለት አስቀድሞ አውቆ ነበር የጻፈው። ደስ ቢለው ሄዶ አይስክሬም በላ፤ የተሳለውንም ጸሎት አደረሰ። ሃይድን ራሱ በዚሁ በለንደን፣ ሃኖቨር ስኩዌር በሚባለው አዳራሽ ሲያሰማ፣ ሕዝቡ የሚያወራ፣ የሚንጫጫ፣ የወደደውን ይደገም የሚል ሕዝብ ነበር። ለሁለተኛው የለንደን ጉዞው በ1793 የጻፋቸው ኳርቴቶች ብዙዎቹ በኃይለኛ ምት የሚጀምሩት የሚያወራውን ሰው ጸጥ ለማሰኘት ነው ይላሉ አዋቂዎቹ። የዛሬዎቹ የልጅ ልጆቻቸው ናቸው እንግዲህ በእኔ ላይ የሚዞሩት!

ቤትሆቨንም አለ። በ1826 ቪዬና ውስጥ አንዱ ትልቁ ኳርቴቱ መጀመሪያ ሲሰማ ሕዝቡ ከመሐል ሁለቱን አጫጭር ክፍሎች ይደገሙልን ብሎ አስደገመ። ቤትሆቨን አዳራሽ አልነበረም፤ በአቅራቢያው ካለ መጠጥ ቤት ሆኖ ወሬ ይጠብቅ ነበር ይባላል። ወሬውን ሲያመጡለት ለምን በመሐል አጨበጨቡ ብሎ አልተቆጣም። የተቆጣው የመጨረሻውን ከባድ ፉጋ ለምን አላስደገሙም ብሎ ነው፤ ሕዝቡንም በከብትና በአህያ ሰደበው አሉ።

ታዲያ ዝምታው ከየት መጣ? ቀስ በቀስ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና ከዚያም ወዲህ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ዋግነር በባይሮይት «ፓርሲፋል» የተባለ ኦፔራውን ሲያቀርብ፣ በመሐል ተዋንያን እየወጡ እጅ መንሣት ይቅር ቢል፣ ሕዝቡ ጭብጨባ ጨርሶ የተከለከለ መሰለውና ጭጭ አለ። ኋላ ዋግነር ራሱ አንዱ ቦታ ደስ ብሎት «ብራቮ!» ብሎ ቢጮህ፣ ጸጥ በል ብለው ያፏጩበት የገዛ አድማጮቹ ናቸው ተብሎ ይተረካል። ባለቤቱን በሠርጉ ቤት ዝም ያሰኙ ሰዎች እኔንና ባልንጀራዬን እንዴት ይምሩን? ያ የሆነው ከአድዋ ድል 14 ዓመት ብቻ ቀድሞ ነው። ጥንታዊ ሥርዓት እያሉ የሚያስፈራሩኝ ይህንን ነው! ያስቀደስሁበት ሥርዓት እኮ የቅዱስ ያሬድ ነው፤ እሱም ቢሆን እልልታ አልከለከለኝም።

ደግሞ የሚያናድደኝ፣ ጭብጨባ የተከለከለበት ያ ክፍተት ለሳል የተፈቀደ መሆኑ ነው። አንዱ ክፍል አልቆ ቀስት ሲወርድ፣ ቤተ ክርስቲያኗ በሙሉ በአንድነት ትስላለች። ጉሮሮ ይጠረጋል፣ አፍንጫ ይናፈጣል፣ አግዳሚው ሲጥ ሲጥ ይላል። ከዚያ እንደገና ጸጥ። ውብ ነገር ሰምቶ በእጁ ማመስገን ነውር ሆኖ፣ በአክታው ማመስገን ጨዋነት የሆነበት አገር ይህ ነው። እኔ በበኩሌ ጉሮሮዬን እንዳይከረክረኝ ከረሜላ ይዤ ሄድሁ። የከረሜላው ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ግን እንደገና ያች ጣት ከንፈር ላይ ወጣች። ፍጥነት ያስወቅሳል ብዬ ቀስ እያልሁ ብገልጠው ባሰ፤ የቪዮላውን ንግግር በሙሉ እኔ ጨረስሁበት።

እነዚሁ እንግሊዞች በጦርነቱ ጊዜ እንዲህ አልነበሩም። በ1939 የለንደን አዳራሾች ተዘግተው፣ ትራፋልጋር አደባባይ ካለው ናሽናል ጋለሪ ሥዕሎቹ ወደ ዌልስ ሲሸሹ፣ ፒያኒስቷ ማይራ ሄስ ባዶውን ሕንፃ ለምሳ ሰዓት ኮንሰርት አስከፈተችው። መግቢያው አንድ ሽልንግ ነበር፤ እስከ 1946 ዘለቀ። እዚያ ሳንድዊች ይሸጥ ነበር። ቦምብ እየወደቀ፣ ሰው ሞዛርትን እየሰማ፣ ሳንድዊቹን ይበላ ነበር። የሂትለርን አውሮፕላን የታገሡት ሰዎች ልጆች የእኔን ከረሜላ መታገሥ አቃታቸው።

ስለ ልጆች ካልን፣ ያ ሁሉ ሽበት ያስፈራኛል። የሚጫወቱት ከሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጡ ለጋ ወጣቶች ናቸው፤ የምንሰማው አያቶች ነን። መሐል ያለው ትውልድ የት ገባ? የልጅ ልጄን ና ብለው ጆሮው ላይ የሰካውን ሳይነቅል «አባባ፣ እዚያ መተንፈስ ይቻላል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። አንድ ምሽት አንዲት እናት ትንሽ ልጅዋን ይዛ መጥታ ነበር። ልጁ በዘገየው ክፍል ላይ ጮክ ብሎ «አለቀ?» ሲል እናቱ ደም መሰለች። በዚያ ማታ ሙዚቃውን ያናገረው ሰው እሱ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ወር አልመጣም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ወጣቶች ለምን ራቁን ብለው ኮሚቴ ያቋቁማሉ።

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። እውነት ነው፣ ዝምታው አልነቀዘም፤ የነቀዝሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው የወቅቱ መጨረሻ ዓርብ የደረሰው። የሃይድን ኳርቴት ነበር፤ በ1781 ከጻፋቸው ስድስቱ ሁለተኛው፣ «ቀልዱ» የሚል ቅጽል የወጣለት። የመጨረሻው ክፍል ፈጠን ያለ፣ የሚያስጨፍር ዜማ ነው። ወደ ማብቂያው ሲደርስ ቆመ። ከፊት ያሉት ሕግ አዋቂዎች ጨዋ ጭብጨባቸውን ጀመሩ። ተጫዋቾቹ ቀጠሉ። ጭብጨባው በድንጋጤ ተዋጠ። እንደገና ትንሽ ተጫውተው ቆሙ። አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ። ቀጠሉ። እንዲሁ ዜማውን እየቆራረሱ፣ በየመሐሉ ዝም እያሉ አንገላቱን። በመጨረሻም ረጅም፣ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ አለቀ ስንል ያንኑ የመጀመሪያውን ስንኝ በቀጭኑ፣ በሹክሹክታ ጀመሩት። ሁሉም ቀጥሎ የሚመጣውን ይጠብቃል። ምንም አልመጣም። ያ ነበር መጨረሻው።

ያች ማጅራት ሁሉ ግራና ቀኝ ተገላበጠች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ የምታደርገው ሴትዮ ጣቷን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ሳቀ፣ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ተጫዋቾቹም ሳቁ። ያን ዕለትም አብሮኝ የመጣው ባልንጀራዬ ከአጠገቤ ብድግ ብሎ «ይበል!» ቢል ማንም አልዞረበትም። ሃይድን በ1809 ነው የሞተው። መቼ ይጨበጨባል ብሎ የሚመጻደቀውን ሕዝብ ግን ገና ሳይወለድ በፊት ቀጥቶት ሄዷል።

ጊዜው ምቹ ነው ብዬ፣ በእረፍቱ ወተት የሌለው ሻይ እንዳገኘ ሰው ደስ ብሎኝ ወደ አዘጋጁ ሄድሁ። ሞዛርትን ጠቀስሁ፣ ቤትሆቨንን ጠቀስሁ፣ ዋግነርን በምስክርነት አቆምሁ። በየክፍሉ መሐል ማጨብጨብ ይፈቀድ፣ ደስ ያለውም ሰው ድምፁን ያሰማ ብዬ ጥያቄዬን አቀረብሁ። ያ ትሑት ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠኝና «እጅግ የሚያስደስት አሳብ ነው» አለ። በዚህ አገር ረጅም ዘመን ስለኖርሁ ይህ እንቢታ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ጥያቄዬን ጨርሶ አልጣለውም። ቀጥሎ ከኪሱ የመጪውን ወቅት ፕሮግራም አውጥቶ ሰጠኝና፣ «በየክፍሉ መሐል ያለው ክፍተት እርስዎን እንደሚያስቸግርዎት አስቤ» አለ በጣቱ እያመለከተ፣ «መክፈቻችን ለእርስዎ ተስማሚ ይሆናል።»

መነጽሬን አድርጌ አነበብሁ። ቤትሆቨን፣ ኦፐስ 131። ሰባት ክፍሎች አሉት። አርባ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሰባቱም ያለ አንዳች ፋታ፣ አንዱ ካንዱ ሳይቋረጥ ተያይዘው ይሄዳሉ።

ጭብጨባ እንዲፈቀድ ብጠይቅ ክፍተቱን ራሱን አጠፉብኝ። አሁንማ ለሳልም ቦታ የለም።